ተከታታይ ፊልም ስትመርጡ ዳታና ሌሊት የሚበሉባችሁ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ሰው መሃል ከተማ ውሎ ቤቱ ሲገባ ብዙ ጊዜ መሽቷል። እራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ ሶፋ ላይ አረፍ ሲባል 3 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ አለ። ለተከታታይ ፊልም የሚተርፈው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ያቺን ጊዜ ፖስተር ላይና ታች በማንሸራተት መጨረስ፣ ወይም መጨረሻ ለሌለው ፊልም መስጠት በጣም ያስቆጫል።

ሰዓቱን ሳይቆጥሩ መጀመር

«በጣም አሪፍ ነው፣ ጀምረው» የሚል ወዳጅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አብሮ አይነግርም። ብሬኪንግ ባድ 5 ሲዝን፣ 62 ክፍል ነው። አንዱ ክፍል በአማካይ 47 ደቂቃ ያህል ስለሚሄድ በጠቅላላው ወደ 49 ሰዓት ይጠጋል። በቀን አንድ ክፍል ብታዩ ከዓቢይ ጾም 55 ቀን ይረዝማል። አዶለሰንስ ግን 4 ክፍል ብቻ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 4 ሰዓት አይሞላም፣ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ሁለቱም ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ፈተና የደረሰበት ተማሪ የመጀመሪያውን ከጀመረ መሃል ላይ ማቋረጡ አይቀርም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ጠፍቶበት እንደገና ከ1 ይጀምራል።

የቱርክ ፊልም ላይ የክፍሉን ቁጥር ብቻ አትመኑ። እዚያው አገራቸው አንዱ ክፍል 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ለውጭ ሲሸጥ ግን ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆረጠ ይከፋፈላል። አንድ ፊልም አንዱ ጋ በ50 ክፍል፣ ሌላው ጋ በ150 ክፍል የሚገኘው ለዚህ ነው። ክፍሉን በደቂቃው አባዙት። የኮሪያዎቹ በዚህ ይቀላሉ፤ ብዙዎቹ 16 ክፍል አካባቢ ሆነው በአንድ ሲዝን ታሪኩን ይዘጋሉ። ተከታታይ ማየት ለሚለማመድ ሰው ከእነሱ መጀመር ጥሩ ነው።

የስልክ ዋይፋይን እንደ ቤት ዋይፋይ ማየት

ይህን ስህተት ስንት ሰው እንደሚሠራው ማየት ያማል፤ መፍትሔው የ2 ደቂቃ ሥራ ነውና።

አርብ ማታ ነው። ቤቱ ውስጥ መስመር ስላልገባ አንድ ሰው 5 ጊጋ ጥቅል ይገዛና የስልኩን ሆትስፖት ከስማርት ቲቪው ጋር ያገናኛል። ኔትፍሊክስ አፑ ላይ «ሴቭ ዳታ» የሚለውን ስለመረጠ ልቡ አርፏል። በዚያ ምርጫ 1 ጊጋ 6 ሰዓት ያህል ማየት አለበት፤ ልክ ነው። ግን ምርጫው የሚሠራው ስልኩ ራሱ በሞባይል ዳታ ሲያሳይ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ስለ ጥቅሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለእሱ የተገናኘው ከዋይፋይ ጋር ነው። ስለዚህ ኔትወርኩ የቻለውን ያህል ጥራት ይጎትታል። በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ በሰዓት፣ ቲቪውም የአካውንቱ ዓይነትም ከፈቀዱ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ በሰዓት ይበላል። 5 ጊጋው ሁለት የ50 ደቂቃ ክፍሎች አሳይቶ ያልቃል። ከዚያ «ኔትወርክ ሰረቀን» ይባላል። ማንም አልሰረቀም።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው። አፑን ትታችሁ በስልካችሁ ብራውዘር ወደ ኔትፍሊክስ ገጽ ግቡ። አካውንት፣ ከዚያ የምታዩበትን ፕሮፋይል፣ ከዚያ «ፕሌይባክ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ። «ዳታ ዩሴጅ» ላይ አራት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ አውቶ፣ ሎው፣ ሚዲየም፣ ሃይ። ሎው በሰዓት 0.3 ጊጋ፣ ሚዲየም 0.7 ጊጋ አካባቢ ይወስዳል። «ሴቭ» ብላችሁ ውጡ፤ ቲቪው ላይ ወዲያው ካልተለወጠ ከአካውንቱ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። በሎው ያው 5 ጊጋ ወደ 16 ሰዓት ያደርሳችኋል። ምስሉ 32 ኢንች ላይ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ለወሬ የሚታይ ድራማ ግን ይበቃል። ምርጫው ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል ለየብቻ ስለሆነ ባለቤታችሁ በሌላ ፕሮፋይል የምታይ ከሆነ የእሷንም አስተካክሉ።

እዚያው ገጽ ላይ እያላችሁ ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያስጀምረውን ምልክት አንሡት። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ቤተሰቡ የለመደው በቀን አንድ ክፍል ነበር፤ ጣቢያው ለነገ ያሳድረዋል። አፑ ግን ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳያየው የሄደው ክፍል ከጥቅሉ ይቆረጣል።

መቋጫ እንዳለው አለማረጋገጥ

1899 የተባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በ8 ክፍል ወጣ። በሦስት ሲዝን ሊያልቅ የታሰበ ነበር፤ በጥር 2023 መቋረጡ ተነገረ። 8ኛው ክፍል ትልቅ ጥያቄ ከፍቶ ያበቃል፤ መልሱ አልተቀረጸም። የ1899 አዘጋጆች ቀዳሚ ሥራ የሆነው ዳርክ በ3 ሲዝንና በ26 ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠናቋል። ከሁለቱ አንዱን ለማየት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ምርጫው ቀላል ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የፊልሙን ስም ጽፋችሁ «ካንስልድ» (ተቋርጧል) ወይም «ሪኒውድ» (ይቀጥላል) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጨምሩበትና ፈልጉ፤ ርዕሱን አንብባችሁ ዝጉት፣ ወደ ውስጥ ከገባችሁ ማን እንደሚሞት ይነገራችኋል። «ሊሚትድ ሲሪስ» የሚል ከተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሲዝን የሚዘጋ ታሪክ ነው።

ቶፕ 10ን እንደ ምስክር ወረቀት መቁጠር

የኔትፍሊክስ ቶፕ 10 ጥራት አይለካም። የሚሰላው የታየው ጠቅላላ ሰዓት ለፊልሙ ርዝመት ተካፍሎ ነው። ስንት ሰው ወዶት እንደጨረሰው ቁጥሩ ውስጥ የለም፤ ከፍቶ በ20 ደቂቃ የተወውም ሰው ያየው ደቂቃ ይቆጠራል። የገምጋሚዎችን አስተያየት የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶማቶስ ላይ ያለው ፐርሰንትም ከ100 የተሰጠ ማርክ አይደለም፤ ከገምጋሚዎቹ ስንቶቹ «ደህና ነው» እንዳሉ ብቻ ነው የሚናገረው። ሁሉም «ምንም አይል» ያሉት ፊልም 100 ሊያገኝ ይችላል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ተመልካቾች ነጥብ በሚሰጡበት ድረ ገጽ፣ አይኤምዲቢ ላይ የእያንዳንዱን ክፍል ነጥብ ማየት ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ በአጠቃላይ ከ9 በላይ ነጥብ አለው፤ 73ኛውና የመጨረሻው ክፍል ግን 4 አካባቢ ነው። የአጠቃላዩን ብቻ ያየ ሰው 8 ሲዝን ተጉዞ መጨረሻው ላይ ይናደዳል። ነጥቡ ከየትኛው ሲዝን ጀምሮ እንደሚወርድ እዩ፤ የት ላይ ብታቆሙ እንደሚሻል ያኔ ታውቃላችሁ። ነጥቡን ስታዩ የክፍሉን ማጠቃለያ አታንብቡ።

«እስከ 6ኛ ክፍል ታገስ»

አትታገሡ። የአንድ ሰዓት ድራማ ከሆነ ሁለት ክፍል ስጡት፤ የ20 ደቂቃ ኮሜዲ ከሆነ አራት። የመጀመሪያው ክፍል ሰው ማስተዋወቂያ ስለሆነ ቢከብድም አይፈረድበትም። በሁለተኛው ግን ቢያንስ አንድ ሰው ምን እንደሚሆን ማወቅ ካልፈለጋችሁ ተዉት። 10 ክፍል አይቻለሁና ልጨርሰው ማለትም አይረባም፤ የሄደው ሰዓት አይመለስም፣ የቀረው ግን የእናንተ ነው።

ሳሎኑ አንድ መሆኑን መርሳት

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እናት፣ አያትና የ9 ዓመት ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። ፊልሙ ሲጀምር ጥግ ላይ የዕድሜው ደረጃና ምክንያቱ ይወጣል፤ ስድብ፣ ዓመፅ፣ እርቃን እየተባለ። ብዙ ሰው አያነበውም፣ ከዚያ ሪሞት ፍለጋ ይተራመሳል። አዶለሰንስ ስለ 13 ዓመት ልጅ ነው ማለት ለ13 ዓመት ልጅ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ለልጆች የብቻ ፕሮፋይል ክፈቱ፣ በራሳችሁ ፕሮፋይል ላይ ደግሞ ፒን አድርጉ።

ቤተር ኮል ሶል በታሪኩ ከብሬኪንግ ባድ ስለሚቀድም ከእሱ እንጀምር የሚሉ አሉ። በወጡበት ቅደም ተከተል እዩ፤ ብሬኪንግ ባድ ይቀድማል።

የትርጉም ጽሑፍ ስትመርጡ «እንግሊሽ» እና «እንግሊሽ ሲሲ» (መስማት ለሚቸገሩ የሚዘጋጀው) ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በስኩዊድ ጌም ላይ ሲሲው የተከተለው በእንግሊዝኛ የተደረበውን ድምፅ ነበር፤ ድምፁን ኮሪያኛ አድርጎ የሚያይ ሰው ለኮሪያኛው ንግግር የሚቀርበውን የሚያገኘው ተራው «እንግሊሽ» ላይ ነው።

የአማርኛ ድራማ ዩቲዩብ ላይ የምታዩ ከሆነ ከጣቢያው ወይም ከአዘጋጁ የራሱ ቻናል ፕሌይሊስት ውስጥ እዩ። «የመጨረሻው ክፍል» የሚል ርዕስ ለጥፎ የቆየ ክፍል የሚያሳይ ሌላ ቻናል ሞልቷል።

ቴሌግራም ላይ በርካሽ የሚሸጥ የኔትፍሊክስ አካውንት አትግዙ። ድርጅቱ ከ2023 ጀምሮ አካውንትን በአንድ ቤት መወሰኑን አጥብቋል፤ ሻጩም የይለፍ ቃሉን በቀየረ ቀን የጀመራችሁት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ዳውንሎዱን መብራት ሲጠፋ ማስታወስ

መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሆኑ፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ፣ የምታዩትን ሁለትና ሦስት ክፍል ስልክ ላይ አውርዱ። የማውረጃ ጥራቱን «ስታንዳርድ» አድርጉት፤ ለስልክ ስክሪን ይበቃል፣ ሚሞሪም አይሞላም። «ስማርት ዳውንሎድስ» ከተከፈተ ያያችሁትን ክፍል አጥፍቶ ቀጣዩን በዋይፋይ ራሱ ያወርዳል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ፊልሞች አንዴ «ፕሌይ» ከተጫኑ በኋላ 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆዩት። በደንብ ወርዶ እንደሆነ ለማየት ብላችሁ አትክፈቱት፤ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ገብታችሁ ምልክቱን ብቻ እዩ።