የሞተር አደጋ፣ ሄልሜትና ካሳ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«ሄልሜት አላደረግኩም፣ ስለዚህ ምንም መጠየቅ አልችልም።» ከአደጋ በኋላ ይህን የሚል ሰው ስሰማ አንጀቴ ያርራል። የገጨው ሹፌር ጥፋቱን እያመነ እሱ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

አደጋውን ያደረሰው ማን ነው? ጉዳቱን ያባባሰው ምንድን ነው? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ቀይ መብራት ጥሶ የመጣ መኪና የገጫችሁ ሄልሜት ስላላደረጋችሁ አይደለም። ሄልሜት አለማድረግ በብዙ አገሮች ካሳውን ሊያስቀንስ ይችላል፤ ይህም ሄልሜቱ ቢኖር ኖሮ ይቀር ወይም ይቀል ለነበረው ጉዳት ነው። የተሰበረው እግራችሁ ከሆነ ሄልሜት ምን አገናኘው? እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1971 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያለ ሄልሜት እየነዳ ጭንቅላቱን ለተጎዳ ሰው ካሳውን የቀነሰበት በ15 በመቶ ነው። ቀሪው 85 በመቶ ተፈርዶለታል። እርግጥ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሄልሜት አለማድረግን በማስረጃነት ጭራሽ የማይቀበሉ ግዛቶች አሉ። ስለዚህ ራሳችሁ ላይ ቀድማችሁ አትፍረዱ፣ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ።

ሁለተኛው ስህተት ሄልሜቱን አናት ላይ ጣል አድርጎ ማሰሪያውን መተው ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። እዚያው እንግሊዝ፣ በሌላ ጉዳይ፣ ሄልሜት አድርጎ ማሰሪያውን ባላሰረ ሰው ላይ ፍርድ ቤቱ 10 በመቶ ቀንሶበታል፤ ምክንያቱም ጭንቅላቱ አስፋልቱን ከመምታቱ በፊት ሄልሜቱ ወልቆ ሄዷል። ካሰራችሁ በኋላ ከኋላ በኩል ያዙትና ወደ ፊት ገፋ አድርጉት። ከወለቀ ሰፍቷችኋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። በትክክል የተደረገ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ አሳይቷል። ስለ ካሳ እያወራሁ ይሄን የማነሳው፣ ከየትኛውም የካሳ ገንዘብ በፊት ሕይወታችሁ ስለሚበልጥብኝ ነው።

ሄልሜቱን መጣል ደግሞ ብዙ ሰው የሚቆጨው በኋላ ነው። የአንድ ጓደኛዬ እናት ደም የነካውን ሄልሜት ማየት አቅቷቸው በማግስቱ ጣሉት። በግራ በኩል ከጆሮው በላይ እስከ አገጩ ድረስ አስፋልት የፋቀው ረጅም ጭረት ነበረበት። መኪናው ከየት በኩል እንደመታውና እንዴት እንደወደቀ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረም። ኢንሹራንሱ «ሄልሜት አድርጎ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳየው አጣ። እናትየው ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ግን እናንተ አትጣሉት። አትጠቡት፣ አትጠግኑት። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱትና በካርቶን አስቀምጡት። ሐኪሞች ማሰሪያውን ቆርጠውት ከሆነም እንደተቆረጠ ይቆይ። መልሳችሁ ግን እንዳታደርጉት፤ ከውስጥ ያለው ፎም የሚሠራው ተጨፍልቆ ነው፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ሁለተኛ አያድንም። ሌላ ሰው ወድቆ ብታገኙ ደግሞ፣ መተንፈስ እስካላቃተው ድረስ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፣ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ መነሣት። እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ድንጋጤው ሕመምን ይደብቃል። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ደግሞ አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታወቀው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ከባድ እንቅልፍ፣ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን ድካም ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። በዚያው ቀን መታየታችሁ ለሕይወታችሁ ነው፤ ለካሳውም ቢሆን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣ የሕክምና ወረቀት «ጉዳቱ ከዚህ አደጋ ነው የመጣው?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል።

በችኮላ መፈረምም አለ። ገና አልጋ ላይ ሆናችሁ ትንሽ ገንዘብና አንድ ወረቀት ይመጣል። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» ይላል። ሐኪሙ ስብራቱ እንዴት እንደሚጠግን፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ፣ መቼ ሥራ እንደምትመለሱ ገና አላወቀም እኮ! ካልተነበበና ጠበቃ ካላየው ፊርማ የለም።

ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፣ የታክሲውም ጭምር። ከሥራ የቀራችሁበት ቀንም ይጻፍ። ከኋላ ተፈናጠው የተጎዱም የራሳቸው የካሳ ጥያቄ አላቸው፤ ነጂው ወዳጃቸው ስለሆነ ብቻ መተው የለባቸውም፣ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነውና።

በመጨረሻ የይርጋ ጊዜ። እያንዳንዱ አገር ክስ የሚቀርብበት የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ አደጋውን ለኢንሹራንስ የምታሳውቁበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም ቀን ጠይቁና የሕክምና ወረቀቶቻችሁን የያዘው ፋይል ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት።