ገና እያነበብነው ስላለ ልብ ወለድ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ስለ መጽሐፍ ለማውራት ሰበብ አይጠፋም። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ይሁን፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ፣ ወይም ቤት ውስጥ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጨዋታ፣ አንዱ እጅ ላይ መጽሐፍ ከታየ «እንዴት ነው፣ ይነበባል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ጠያቂውን ከመጽሐፉ ያርቀዋል፣ ወይ ሊያነበው የነበረውን ታሪክ ይቀማዋል።

አንብቦ የጨረሰ ሰው ሙሉውን ያውቃል። መሐል ላይ ያለው ደግሞ ጨራሹ የሌለው ነገር አለው፤ ስጋቱ፣ ግምቱ፣ ጥርጣሬው ገና ትኩስ ነው። ሰው እያነበበ ሳለ የሚያወራውን መስማት የምወደው ለዚህ ነው፤ ቀጥዬ የምዘረዝራቸው ስህተቶች የሚያሳስቡኝም ይህንን ስለሚያበላሹ ነው።

የደረሱበትን ሳይናገሩ መፍረድ

«ደራሲው ያችን ሴትዮ በከንቱ ነው ያስገባት» ይላል አንዱ። ሰሚው መጽሐፉ አልቆ የተሰጠ ፍርድ ይመስለዋል። ተናጋሪው ግን አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ በዘጠነኛው ተመልሳ ልትመጣ ትችላለች። «አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ እስካሁን የሴትዮዋ ነገር አልገባኝም» ቢል አስተያየቱ እውነትም ተገቢም ይሆናል።

በገጽ ቁጥር ብቻ መነጋገር አይበጅም። አንድ ልብ ወለድ በተለያየ ጊዜ ሲታተም የፊደሉ መጠንና የወረቀቱ ስፋት ይለያያል፤ ከአባት ሳጥን የወጣው የድሮ እትምና ዘንድሮ የተገዛው ገጻቸው ላይገጥም ይችላል። በስልክ የሚያነብ ሰው የሚያየው ቁጥርማ ጭራሽ ሌላ ነው። ምዕራፉን መጥቀስ፣ ወይም «ከሠርጉ በኋላ»፣ «ከተማ ከመግባቱ በፊት» ብሎ ሁለቱም በሚያውቁት ድርጊት መግባባት ይሻላል።

መጨረሻውን በፍንጭ መናገር

ማን እንደሚሞት መናገር ነውር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሚያስቸግረው ፍንጩ ነው። «ቆይ፣ ገና ነሽ»፣ «ያንን ሰውዬ ብዙም አትመኚው»፣ «ሃያ ገጽ ብቻ ጠብቂ»። ይህን የሰማች አንባቢ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክፉ ነገር ትጠባበቃለች እንጂ ታሪኩን አታነብም። ጥያቄ ስትጠየቁ ፈገግ ብሎ ዝም ማለትም ያው መልስ ነው።

ይህ ስህተት በብዛት የሚሠራው በታወቁ መጻሕፍት ላይ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር መጨረሻውን ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም የሰማው ይመስለንና እንዘረግፈዋለን። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ገና አሁን ነው የምትተዋወቃቸው።

ሆጤ ውስጥ ቡና ላይ የሰማሁት ጨዋታ እንዴት ማድረግ እንደሚገባ ያሳያል። ልጅቷ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ በዛብህ ገና ፊታውራሪ ቤት ሊያስተምር መግባቱ ነው፤ እንዳይነግሩኝ» አለች። ሰውዬው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ታሪኩን ጠንቅቀው ያውቁታል።

«እኔ ምን ብዬ! አንቺው ንገሪኝ እንጂ። ፊታውራሪ መሸሻን እንዴት አገኘሻቸው?»

«ፈሪ ሰው ይመስሉኛል።»

«ፈሪ? ፊታውራሪ?»

«አዎ ጋሼ። ክብራቸው እንዳይነካ ሁልጊዜ እንደፈሩ ነው።»

እሳቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና፣ «እስቲ ደግሜ ላየው፤ እኔ እብሪታቸው ላይ ብቻ ነበር የቆየሁት» አሉ። የሚያውቅ ሰው ከመናገር ይልቅ ቢጠይቅ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር እሱም ያገኛል።

ገጸ ባሕርይው ያለውን ደራሲው አለ ማለት

ከሁሉም የሚጎዳው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብሷል። አንዱ እያነበበ ሳለ የሚያስቆጣ አንቀጽ ያገኛል፤ ሃይማኖት ወይም ብሔር የሚያንቋሽሽ ንግግር። ፎቶ ያነሳውና «እዩት ደራሲው የጻፈውን!» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። የተናገረው ክፉ ገጸ ባሕርይ መሆኑ፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ ሌላው አፉን እንዳስያዘው፣ ምናልባት ታሪኩ በሙሉ ያንን ክፋት ለማሳየት የተጻፈ መሆኑ ፎቶው ውስጥ የለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ በሚኖርበት ወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተቆረጠ አንቀጽ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያቀያይም ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የደረሰ አንባቢ ሦስት ነገር መናገር አለበት፦ ማን ተናገረው፣ ለማን፣ መልስ የሰጠውስ አለ ወይ? መልሱ ገና ካልመጣ እስኪመጣ ማንበብ ነው።

ልብ ወለድን እንደ ቃለ መሐላ ማንበብ በአገራችን ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሳለ በኤርትራ የተካሄደውን የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ «ኦሮማይ»ን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ዛሬም ብዙ ሰው መጽሐፉን እያነበበ የሚያወራው «ይሄኛው እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ» እያለ ነው። ታሪካዊ መነሻውን ማወቅ ይጠቅማል፤ አልቃወምም። ግን መሐል ላይ ሆኖ ይህን ብቻ የሚያድን አንባቢ ጸጋዬ የሚያፈቅራትን የአሥመራዋን ልጅ ፊያሜታን እንደ ሰው ሳያያት ያልፋል። እሷን ካላዩ ደግሞ አሥመራን እንዴት ያይዋታል?

«ይመቻል» ብሎ ማቆም

«አሪፍ ነው»፣ «ይመቻል»፣ «አልሳበኝም»። ሰሚው ከዚህ የሚይዘው ነገር የለም። አንድ ቦታ ይጠቁሙ፤ አንድ ብቻ ይበቃል። ለምሳሌ ልጁ ከሥራ መባረሩን ለእናቱ ሊነግር የሚመጣበት ትዕይንት አለ እንበል። እናትየዋ ቡና እየወቀጠች ነው፤ ልጁ ሲናገር ሙቀጫው ይቆማል፤ መልስ ሳትሰጠው መውቀጧን ትቀጥላለች። «እናትየዋ አንድ ቃል ሳትናገር መደንገጧን በሙቀጫው ድምፅ ነው የነገረኝ፤ ለዚህ ወደድኩት» ያለ ሰው መጽሐፉን አስተዋወቀ። ያልወደደም እንዲሁ ቦታውን ያሳይ። ከዚያ ወዲያ ሰሚው የራሱን ይፈርዳል።

የራስን ከተማ ብቻ መፈለግ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የተነሳበት ልብ ወለድ እጃችን ሲገባ ሁለት ዓይነት እንሆናለን። አንዳንዱ ጦሳ ተራራ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቦርከና ተጠርተው ካየ ሌላውን ሁሉ ይምራል። ሌላው አንዲት ስህተት ሲያገኝ መጽሐፉን ይወረውራል። ደራሲው ኮምቦልቻን በጭጋግና በብርድ ካለበሳት፣ ወይም መኪናው ሐረጎን ሳይወጣ ደሴ ከገባ፣ እርግጥ ያናድዳል፤ ቆላ ቀመሷን ኮምቦልቻን ከደጋማዋ ደሴ የሚለያት ያ አቀበት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። መናገሩም ተገቢ ነው። ግን ለብቻው ይነገር፤ «ቦታውን አልሠራበትም፤ ሰዎቹ ግን እውነተኛ ናቸው» ማለት ይቻላል።

የቆየን መጽሐፍ በዛሬ ጥድፊያ መለካት

«ይንዛዛል» የሚለው ቅሬታ በድሮ መጻሕፍት ላይ ይበዛል። አንዳንዴ ልክ ነው። ከመናገር በፊት ግን መቼ እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው የጉዱ ካሣ ረጅም ንግግር ዛሬ የታወቀ ነገር መድገም ሊመስል ይችላል፤ የታተመው ግን አብዮቱ ከመፈንዳቱ ከስምንት ዓመት በፊት፣ የሚነቅፈው ሥርዓት ዙፋን ላይ እያለ ነው። ይህን ያወቀ አንባቢ ርዝመቱን ባይወደው እንኳ ድፍረቱን አይስተውም።

በመጀመሪያው አስተያየት መታሰር

ቡና ላይ «ጀግናው ሞኝ ነው» ያለ ሰው፣ ሦስት ምዕራፍ አልፎ ጀግናው ሞኝ እንዳልሆነ ቢያይም፣ ያለውን ላለማጠፍ ይሟገታል። መሐል ላይ የተሰጠ አስተያየት ሊለወጥ ነው የተሰጠው። መጽሐፉ የራስ ከሆነ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ግምትን መጻፍ ይረዳል፤ የተዋሱት ከሆነ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍ። በሚቀጥለው ሲገናኙ «ባለፈው እንዲህ ብዬ ነበር፤ አሁን ለውጫለሁ፤ ምክንያቱም…» ማለት ከሁሉ የተሻለ የጨዋታ መክፈቻ ነው።

ሳይጨርሱ የተዉት ከሆነም «አነበብኩት» አይበሉ። «እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ ሄጄ ተውኩት፤ ገጸ ባሕርያቱ በዙብኝ» ይበሉ። ብዙ ገጸ ባሕርይ የሚወድ ሰው አጠገብዎ ካለ መጽሐፉን ይዋስዎታል።