ለአገጭ ኢምፕላንት ሲዘጋጁ

ወደ ኋላ የሸሸ አገጭ አፍንጫን ከልኩ በላይ አግንኖ ስለሚያሳይ፣ አፍንጫቸውን ለማስተካከል ወደ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አገጫቸውንም ኢምፕላንት በሚባል፣ በአጥንቱ ላይ በሚቀመጥ ሰው ሠራሽ አካል ወደ ፊት ማውጣት እንደሚቻል ይነገራቸዋል። ከመወሰንዎ በፊት ግን የጥርስዎን አገጣጠም ያስመርምሩ። አገጩ የሸሸው የታችኛው መንጋጋ በሙሉ ወደ ኋላ በመቅረቱ ከሆነ፣ ኢምፕላንት መልክን ቢያሻሽልም የአነካከሱን ችግር እንዳለ ይተወዋል፤ እንዲህ ላለው ሰው የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የተሻለ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኢምፕላንቱ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። በብዛት የተለመደው ጠጣር ሲሊኮን ነው፤ ሰውነት ዙሪያውን በስስ ሽፋን ያጥረዋል እንጂ ከሥጋ ጋር ስለማይዋሐድ ማውጣቱ ብዙም አያስቸግርም። ቀዳዳማ ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ግን ሥጋ ወደ ውስጡ ስለሚያድግ ከቦታው አይናወጥም፤ በዚያው ልክ ለማውጣት ያስቸግራል። ኢንፌክሽን ከተፈጠረ ኢምፕላንቱ አብዛኛውን ጊዜ መውጣቱ ስለማይቀር፣ በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከመጠንና ከቅርጽ ይቀድማል።

ሐኪሙ የሚከፍተው ከአገጭ ሥር ወይም በአፍ ውስጥ፣ በታችኛው ከንፈርና በድድ መካከል ነው። የአፍ ውስጡ በውጭ ጠባሳ አይተውም፤ ነገር ግን ቁስሉ ከአፍ ባክቴሪያ ጋር ይገናኛል። ጠባሳዎ እያበጠ የሚያድግ፣ ማለትም ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ካለዎት ይህንን ሳይጠየቁ ይናገሩ። ከዚያም አጥንቱን የሸፈነው ስስ ልባስ ተገልጦ ለኢምፕላንቱ ልክ የሆነ ኪስ ይዘጋጃል፤ ኪሱ ከሰፋ ኢምፕላንቱ ሊንሸራተት ስለሚችል ብዙ ሐኪሞች በስፌት ወይም በቲታኒየም ብሎን ያስሩታል። በዚያው አካባቢ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከአጥንቱ ይወጣል። ነርቩ ሲነካ ከንፈር ለሳምንታት ሊደነዝዝ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ድንዛዜው አይለቅም።

ሲጋራ የቁስልን መዳን ስለሚያጓትት ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁሙ። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ያሳውቁ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ራስዎን በትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ፣ ለስላሳ ምግብ ይመገቡ፣ የአፍ ውስጥ ስፌት ካለዎትም ከምግብ በኋላ ሁሉ በታዘዘልዎ መጉመጥመጫ ይጉመጥመጡ። አብዛኛው እብጠት በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በመስታወት አይተው አይፍረዱ። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት፣ ትኩሳት ወይም መግል ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ቀዶ ሕክምናውን ውጭ አገር የሚያደርጉ ከሆነ ሐኪሙ ስፌቱን እስኪያየው ድረስ እዚያው ይቆዩ፤ የኢምፕላንቱን ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር የያዘውን ወረቀትም ይዘው ይመለሱ፤ ከዓመታት በኋላ የሚያክምዎ ሌላ ሐኪም ያስፈልገዋል።