የዘ ሊቭስን «ሄይ ጆ» ትክክለኛ ቅጂ እንዴት መለየት ይቻላል?

ዘ ሊቭስ በሎስ አንጀለስ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የተበተነ የሮክ ባንድ ሲሆን፣ በመላ አሜሪካ ያስጠራው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ «ሄይ ጆ» በ1966 ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 31ኛ ደረጃ ላይ ደርሶለታል። ፈላጊውን የሚያስቸግረው ባንዱ ይህንኑ ዘፈን ሚራ በተባለ የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ በኩል ሦስት ጊዜ ማውጣቱ ነው፤ የተወደደው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ለመለየት ከሁሉ በፊት ጊታሩን ያዳምጡ። የመጀመሪያው ጊታሪስት ቢል ራይንሃርት ከወጣ በኋላ የተተካው ቦቢ አርሊን በሦስተኛው ቅጂ ላይ ፈዝ የተባለውን መሣሪያ ተጠቅሟል። ፈዝ የጊታሩን ድምፅ ከልክ በላይ አጉልቶ የሞገዱን ጫፍ ስለሚቆርጠው፣ ጥርት ብሎ ይወጣ የነበረው ክር እንደ ተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይሻክራል፤ ክሩ ከተመታ በኋላም ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ለእኔ የዘፈኑ ነፍስ ያለው እዚህ ሻካራ ድምፅ ላይ ነው። የሰሙት ጊታር ለስላሳ ከሆነ፣ የያዙት ከቀደሙት አንዱ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ያስተውሉ። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1966 መጨረሻ በእንግሊዝ ያወጣው ቅጂ ዝግ ያለ ነው፤ የዘ ሊቭስ ግን ይጋልባል። የደራሲው ስም መለያ አይሆንዎትም፤ የዘፈኑን የቅጂ መብት በ1962 ያስመዘገበው ቢሊ ሮበርትስ ሆኖ ሳለ፣ በዘመኑ በወጡ አንዳንድ ሸክላዎች ላይ የዲኖ ቫለንቲ ስም ታትሟል።

ሸክላውን ራሱን ካገኙ በጠርዙና በመሐሉ ወረቀት ብቻ ይያዙት፤ የጣት ወዝ በመስመሮቹ ውስጥ አቧራ ያጣብቃል። በአሜሪካ የታተሙ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች መሐላቸው ሰፊ ቀዳዳ ስላለው፣ ማጫወቻዎ ቀጭን ዘንግ ካለው መሙያ ቀለበት ያስፈልግዎታል። ከዚያ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ በመጨረሻው መስመርና በወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ የተጫረውን የቅጂውን መለያ ቁጥር ያንብቡ፤ ወረቀቱ ቢፋቅ እንኳ ይህ ቁጥር አይጠፋም።

የነጠላው ሸክላ ዋጋ ከተወደደብዎት አይጨነቁ፤ ያ ሦስተኛው ቅጂ በዚያው በ1966 «ሄይ ጆ» ተብሎ በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይም ይገኛል።