የካልኩለስ ዓመታዊ ዕቅድ ከመጨረሻው ምዕራፍ ይጀምር

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኤፒ ካልኩለስ ቢሲ የተባለውን፣ በኮሌጅ ደረጃ የተዘጋጀ የሂሳብ ትምህርት የሚያስተምር መምህር ዓመታዊ ዕቅዱን ሲያወጣ፣ ከትምህርት መክፈቻ ወደ ፊት ከመቁጠር ይልቅ ፈተናው ከሚሰጥበት ከሜይ ወር ወደ ኋላ ቢቆጥር ይመረጣል። ትምህርቱንና ፈተናውን የሚያዘጋጀው ተቋም፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ ትምህርቱን በ10 ምዕራፎች የከፈለው ሲሆን፣ የመጨረሻው፣ ማለትም ስለ ሴሪየስ (ማለቂያ ስለሌለው ድምር) የሚያትተው ምዕራፍ፣ ከፈተናው ነጥብ ከ17 እስከ 18 በመቶ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚጣበበው ግን ይኸው ምዕራፍ ነው። ተማሪው የኮንቨርጀንስ መፈተኛዎችን፣ ማለትም ድምሩ ወደ አንድ ውሱን ቁጥር መጠጋት አለመጠጋቱን የሚለዩ ዘዴዎችን፣ አንድ በአንድ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ የትኛው ለየትኛው ሴሪየስ እንደሚስማማ በራሱ መለየትን ተለማምዶ፣ ከዚያም ፈንክሽንን በሴሪየስ ወደሚገልጸው ወደ ቴይለር ሴሪየስና ግምቱ ቢበዛ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ወደሚያሳየው ወደ ስሕተት ወሰን መሸጋገር ስላለበት፣ በእኔ ግምት ቢያንስ አምስት ሳምንት አስቀድሞ ሊከለልለት ይገባል።

ይህን ጊዜ ማትረፍ የሚቻለው በአብዛኛው ከመጀመሪያው፣ ፈንክሽን ወደ የትኛው ዋጋ እንደሚጠጋ ከሚያጠናው ከሊሚት ምዕራፍ ነው። እዚያ የሚባክነው ጊዜ የአልጀብራ ድክመትን ለመጠገን የሚውል በመሆኑ፣ የክፍልፋይ ማቃለል፣ የትሪጎኖሜትሪና የሎጋሪዝም ክለሳ በእረፍት ወራት የቤት ሥራ ሆኖ ቢሰጥ ይሻላል። (የሊሚት ጥብቅ ትርጓሜ የሆነው የኤፕሲሎንና ዴልታ ትርጓሜ፣ መምህራን ቢወዱትም፣ በዚህ ፈተና አይጠየቅም።)

የጽሑፍ መልስ የሚሹትን ጥያቄዎች ግን ለመጨረሻው ክለሳ ማቆየት አይገባም። ከስድስቱ ጥያቄዎች አራቱ ያለ ካልኩሌተር የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ኮሌጅ ቦርድ ከሚያወጣቸው ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች አንዷን በየሳምንቱ ማሠራትና ተማሪዎቹ ራሳቸው በነጥብ አሰጣጥ መመሪያው እንዲያርሟት ማድረግ ይጠቅማል።