የአየር ንብረት ፔፐራችሁን ለየትኛው ጆርናል ትልካላችሁ?

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ሚኒባስ ውስጥ ስልኳን አሳየችኝ። ኢሜይል ነው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን አይተናል፤ ለሚቀጥለው ዕትማችን አንድ ጽሑፍ ብቻ ጎድሎናል» ይላል። ግምገማው በአምስት ቀን እንደሚያልቅም ቃል ይገባል። እሷ ገና አንድም ጽሑፍ አላሳተመችም። የሃረጎን ጠመዝማዛ እስክንጨርስ ስለዚሁ ስናወራ ወረድን፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንደርስ ግን ወሬው ገና ግማሽ ላይ ነበር። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፣ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ።

እኔ እንዲህ ያለውን ኢሜይል አንድ ጊዜ አምኜዋለሁ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ጽሑፍ ነበር። በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል» አሉኝ፤ አንዲት የእርማት አስተያየት እንኳ አልነበረችውም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ግን ደስታው ዓይኔን ጋረደው። የማሳተሚያውን ክፍያ ውጭ ያለ ዘመድ በዶላር ከፈለልኝ፣ እኔ በብር ለቤተሰቡ ከፈልኩ። ለደረጃ ዕድገት ሳስገባው ጆርናሉ ስኮፐስ ላይ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የጆርናሎች ማውጫ ላይ፣ የለም ተባለ፤ ድሮ ነበረ፣ ተሰርዟል። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ጽሑፉ ነው፤ አንዴ የታተመ ሥራ ለሌላ ጆርናል አይላክም። ዳታው ጥሩ ነበር፣ ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ አሁን ማንም በማያነበው ቦታ ተቀብሮ ቀርቷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ማጣቀሻችሁን ቁጠሩ

ትልልቆቹ አሳታሚዎች ኤልሴቪየርም ስፕሪንገርም ርዕስና አብስትራክት (የጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ) ስታስገቡ ጆርናል የሚጠቁም መፈለጊያ አላቸው። ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን መነሻ አላደርገውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚያሳያችሁ የራሱን ቤት ጆርናሎች ነው። ከዚያ ይልቅ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። የረቂቃችሁን ማጣቀሻ ከላይ እስከ ታች እያያችሁ እያንዳንዱ ጽሑፍ የወጣበትን ጆርናል ስም ጻፉ፤ በተደጋገመ ቁጥር አንድ ጭረት። ከ40 ማጣቀሻ ውስጥ ሰባቱ ከአንድ ጆርናል ከመጡ፣ ሳታውቁት እያወራችሁ ያላችሁት ከዚያ ጆርናል አንባቢዎች ጋር ነው። ብዙ ጭረት ያላቸውን አምስቱን ያዙ። ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ወደሌለ ጆርናል ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ ቆም በሉ፤ ወይ ንባባችሁ ጎድሏል፣ ወይ ቤቱ የእናንተ አይደለም።

ፔፐሩ የማንን ጥያቄ ይመልሳል?

አብዛኞቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የእኛ አካባቢ የተለመደው ጽሑፍ «የዝናብና የሙቀት አዝማሚያ በእገሌ ወረዳ» የሚል ነው። ማን-ኬንዳል የሚባለው የአዝማሚያ ፈተና ይሠራል፣ የለውጡን ፍጥነት የሚያሳየው የሴን ስሎፕ ይሰላል፣ ግራፍ ይገባል፣ አለቀ። ኤዲተሩ ለገምጋሚ እንኳ ሳይልከው በጥቂት ቀን ይመልሰዋል፦ ጉዳዩ የአንድ አካባቢ ነው፣ ለአንባቢዎቻችን አይሆንም። ለእኔም ደርሶኛል፣ በጣም ነው የተናደድኩት። የሰባ ሰባትን ድርቅ ታሪክ ከወላጆቹ እየሰማ ላደገ ሰው የወሎ ዝናብ «የአንድ አካባቢ ጉዳይ» ሲባል ያማል። ንዴቱ በርዶልኝ ጽሑፌን በኤዲተሩ ዓይን ደግሜ ሳነበው ግን፣ በልግ ምን እንደሆነ እንኳ አላስረዳሁም።

ለእኛ ግልጽ ነው። ኩታበር ወይም ጉጉፍቱ ላይ ያለ ገበሬ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ዝናብ ጠብቆ ነው ገብሱን የሚዘራው፤ በልጉ ከቀረ የዓመቱ እህል ቀረ ማለት ነው። ብዙ የውጭ ገምጋሚ ግን የኢትዮጵያ ዝናብ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ክረምት ነው። ሌላው እንዲያውም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ብቻ እንደ ዋና ወቅት ቆጥሮ በልግን «ትንሹ ዝናብ» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ካላስረዳችሁት ጽሑፋችሁ ለምን እንደሚያስፈልግ ከየት ያውቃል?

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። «ወሎ»፣ «ደሴ»፣ «ኮምቦልቻ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ የጥናታችሁን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ይህን ለማድረግ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ዓረፍተ ነገሩ ከተጻፈ በኋላ ግን ጆርናሉ ራሱ ብቅ ይላል።

ከኮምቦልቻ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ያገኛችሁትን አንድ ዓይነት የዝናብ ዳታ እንውሰድ። ጥያቄያችሁ «ዝናቡን ምን አዛነፈው?» ከሆነ የከባቢ አየር ጥያቄ ነው። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር) ክረምቱን እንደሚያዳክም ይታወቃል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓይናችን አይተነዋል። የበልግ ነገር ግን በዚያ ልክ አልጠራም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ፓራዶክስ» ይሉታል። የእኛ በልግ ከዚያ ዝናብ ጋር አንድ ነው ባይባልም፣ ጽሑፋችሁ በዚህ ክርክር ላይ አንዲት ጠጠር ካቀበለ «ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ክላይማቶሎጂ» ወይም «ክላይሜት ዳይናሚክስ» በር ላይ መቆም ትችላላችሁ። ጥያቄው «የቦርከና ወንዝ ፍሰት ምን ሆነ?» ከሆነ ውሃ ነው፦ «ጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ፡ ሪጅናል ስተዲስ» የተቋቋመው በአንድ አካባቢ ላይ ላተኮረ ጥናት ነው፤ እንዲያውም አብስትራክቱ ላይ የጥናቱን አካባቢ ለይታችሁ እንድትጽፉና ለአካባቢው ምን አዲስ ነገር እንዳገኛችሁ እንድትናገሩ ይጠይቃል። እዚያ አካባቢያችሁ ዕዳ አይሆንባችሁም። «ገበሬው ምን አደረገ?» ከሆነ ደግሞ «ክላይሜት ኤንድ ዴቨሎፕመንት» ወይም «ሪጅናል ኢንቫይሮንመንታል ቼንጅ»። አዝማሚያውን በጥንቃቄ አስልታችሁ፣ የጣቢያውን ዳታ ጥራት ፈትሻችሁ፣ ከሳተላይት ጋር አስተያይታችሁ ከሆነ «ቲዎሬቲካል ኤንድ አፕላይድ ክላይማቶሎጂ» የአካባቢ ጥናቶችን በብዛት ያወጣል።

ስለ «ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ» የሚጠይቁኝ አሉ። ግኝታችሁ ኬንያ ውስጥም ህንድ ውስጥም ያለ ተመራማሪ ሐሳቡን እንዲለውጥ የሚያደርግ ከሆነ ላኩ። ካልሆነ ወራችሁን አታባክኑ።

እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ

የጆርናሉን ስም ሳይሆን ባለ 8 አሃዙን የአይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥር ይዛችሁ ስኮፐስ የምንጮች ገጽ ላይ ፈልጉ፤ ያለ ክፍያ ይከፈታል። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የሽፋን ዓመቶቹን ተመልከቱ፤ ከጥቂት ዓመት በፊት ቆሞ ከሆነ ምዝገባው ተቋርጧል ማለት ነው። እኔን የበላኝ ይኸው መስመር ነው። ክፍት ጆርናል (ማንም ያለ ክፍያ የሚያነበው) ከሆነ ዶአጅ ላይም ፈልጉት፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራ የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ነው። ጄፍሪ ቢል የተባለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያወጣውን የአጭበርባሪ ጆርናሎች ጥቁር ዝርዝር አሁንም የሚልኩላችሁ ይኖራሉ፤ እሱ ዝርዝሩን ከድረ ገጹ ያነሳው እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለመጡት ብቻውን አይበቃም።

የእውነተኛ ጆርናል ስምና ቁጥር ሰርቆ አስመሳይ ድረ ገጽ የሚከፍትም አለ። ከዚያ ጆርናል በፊት ያነበባችሁትን አንድ የታወቀ ጽሑፍ ዲኦአይ (የጽሑፉን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ተጫኑና ወዴት እንደሚወስዳችሁ እዩ። ኢሜይሉ ከሰጣችሁ ገጽ ወደተለየ አድራሻ ከሄደ ጨዋታው ፈርሷል።

ገንዘቡ

ይህም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጆርናል ሁሉ ያስከፍላል ብሎ የሚያምን መምህር አሁንም አለ። እውነቱ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። ከአንባቢ የሚያስከፍል ጆርናል አለ፤ ጸሐፊው በአብዛኛው አይከፍልም። ከጸሐፊ የሚያስከፍል ሙሉ ክፍት ጆርናል አለ። ሁለቱንም የሚያደርግ፣ ሃይብሪድ የሚሉት፣ አለ። የእኛ ሰው የሚሳሳተው ሃይብሪዱ ላይ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ሦስት ሺህ ምናምን ዶላር ሲያይ ደንግጦ ይዘጋዋል። ያ ዋጋ ክፍት እንዲሆን ለፈለገ ብቻ ነው። ጽሑፋችሁ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቅጹ ሲመጣላችሁ በደንበኝነት የሚነበበውን መንገድ ምረጡ፣ ክፍያ የለም። ከላይ ከጠራኋቸው ውስጥ የስፕሪንገሩ «ቲዎሬቲካል ኤንድ አፕላይድ ክላይማቶሎጂ» እንዲህ ያለ ነው።

ሙሉ ክፍት ከሆነ ደግሞ የክፍያ ነፃነት ጠይቁ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሳይንስ ጽሑፎችን ተደራሽ የሚያደርገውን የሪሰርች ፎር ላይፍን የአገሮች ዝርዝር ወይም የዓለም ባንክን ምደባ ይከተላሉ፤ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ ላይ ምድብ «ኤ» ውስጥ ናት። ዝርዝሮቹ በየጊዜው ስለሚታደሱ በምትልኩበት ቀን እዩአቸው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ጊዜው ነው፦ አንዳንዱ ጥያቄውን የሚቀበለው ጽሑፉን ስታስገቡ ብቻ ነው፣ ከጸደቀ በኋላ አይሰማችሁም። ሁለተኛው የጸሐፊዎቹ አገር ነው፦ አንዱ አሳታሚ የመልእክት ተቀባዩን ጸሐፊ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈውን) አድራሻ ያያል፣ ሌላው ሁሉም ጸሐፊዎች ከተፈቀዱት አገሮች እንዲሆኑ ይፈልጋል። አውሮፓ ያለ ጓደኛችሁን ስም ከመጨመራችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ፤ ሥራውን በእርግጥ የሠራ ከሆነ ግን ለክፍያ ብላችሁ ስሙን እንዳታወጡ፣ ያ ነውር ነው።

የአገር ውስጥ ጆርናሎችንም አትናቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «ሲኔት» አለ፣ እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጆርናል አለው። የወረዳው ግብርና ባለሙያ እንዲያነበው የምትፈልጉት ሥራ ከሆነ የቅርቡ ቤት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ዳታችሁን ማሳየት ትችላላችሁ?

የጣቢያ ዳታ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ወስዳችሁ ከሆነ ለሌላ የማስተላለፍ መብት ላይኖራችሁ ይችላል። የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ዩኒየን ጆርናሎችን የመሰሉ ደግሞ ዳታው የት እንደሚገኝ አጥብቀው ይጠይቃሉ። የጆርናሉን የዳታ ደንብ ከመላካችሁ በፊት አንብቡ፣ ችግር ካለ ለኤዲተሩ አስቀድማችሁ ጻፉ። እንደ ቺርፕስ ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለው የሳተላይትና የጣቢያ ቅልቅል፣ ለማንም ክፍት ስለሆነ እዚህ ላይ ያግዛል።

ጊዜውንና ኢምፓክት ፋክተሩን

ድረ ገጹ «ፈጣን ግምገማ» ቢልም አትመኑት። የቅርብ ጊዜ አሥር ጽሑፎችን ክፈቱ፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የደረሰበትና የጸደቀበት ቀን አለ። ልዩነቱን አስሉ። መመረቂያችሁ ከሰባት ወር በኋላ ሆኖ የጆርናሉ አማካይ አሥር ወር ከሆነ መልሱ በእጃችሁ ነው።

ኢምፓክት ፋክተር ማለት ጆርናሉ ላይ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የበልግ ዝናብ ጥናት አምስት ዓመት ቆይቶ ሊጠቀስ ይችላል፤ ቁጥሩ ያንን አይቆጥርም። ቁጥሩን ከአምስቱ ምርጫችሁ ሁለቱ እኩል ሲሆኑባችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።

ገምጋሚ ምን እንደሚል አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ «ሃይድሮሎጂ ኤንድ ኧርዝ ሲስተም ሳይንስስ» የተባለውን የኮፐርኒከስ ጆርናል ክፈቱ። የገምጋሚዎቹ አስተያየትና የጸሐፊዎቹ መልስ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ስለ አባይ ተፋሰስ የወጣ አንድ ጽሑፍ ፈልጋችሁ ከነክርክሩ አንብቡ። ከየትኛውም ሥልጠና በላይ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከዚያ ላኩ፤ ለአንድ ጆርናል ብቻ። ሪጀክት ከመጣ አስተያየቱን አንብባችሁ፣ አንድ ቀን አሳድራችሁ፣ አስተካክላችሁ ወደ ሁለተኛው።

ተማሪዋ ትናንት ደወለችልኝ። ማጣቀሻዋን ቆጥራለች፤ ከ52ቱ 11ዱ ከአንድ ጆርናል ነው፣ እሱም ሃይብሪድ ነው። አሁን የቀራት «ወሎ» የሚል ቃል የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛ ሙከራዋ ላይ ናት።