መስመሩ ጠፍቷል፤ ቴስተሩ ግን ይጮኻል

የመብራት ምሰሶ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት የተበጠሰ ሽቦ ብዙም አላስፈራኝም፤ ይታያላ። የሚያስፈራኝ ከታች የሚመጣው "አጥፍተነዋል፣ ውጣ" የሚል ድምፅ ነበር። መስመር ጠፋ ማለት ይነካል ማለት አይደለም።

ምልክት፦ ፊውዙ ወርዷል፣ ሰፈሩ ጨልሟል፣ ቴስተሩ ግን ይጮኻል

ቴስተር ሽቦ ላይ ኮረንቲ ካለ የሚጮኽ መለኪያ ነው። "ቴስተሩ ተበላሽቶ ነው" ብላችሁ እንዳታልፉ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መስመሩ ነው።

አንዱ ምክንያት ጀነሬተር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት የላላ የዝቅተኛ መስመር ሽቦ ልንወጥር ሄድን። የትራንስፎርመሩን ሦስቱንም ፊውዞች አወረድን። ወጣቱ ባልደረባዬ ወጥቶ ሳይነካ ለካ። "ጋሼ፣ ይጮኻል!" አለኝ። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ከአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ ጀነሬተር ያጓራል። ገብቼ ሳይ በሁለቱም ጫፉ ወንድ ስፒና ያለው ገመድ ከጀነሬተሩ ወጥቶ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። "እትዬ፣ ዋናውን ብሬከር አጥፍተውታል?" አልኳቸው። "ኧረ እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! እንዲህ ሰክተሽ አስነሺው ብለውኝ ነው።" ሥጋው እንዳይበላሽባቸው ነበር። ልጁ ላይ ሊደርስ የነበረውን ስነግራቸው እጃቸው ተንቀጠቀጠ።

ኮረንቲው በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ መስመሩ ላይ ይወጣል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 400 እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ፊውዙ ካልወረደ፣ ከታች የገባለትን መልሶ ወደ ሺዎች ያወጣዋል። ራቅ ብሎ በዚያ በ15 ሺህ ቮልቱ (መካከለኛ) መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ በዚህ ሊሞት ይችላል።

ሌላው ምክንያት ጎን ለጎን የሚሄድ ኮረንቲ ያለው መስመር ነው። ሳይነካካም የጠፋው ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። አንዳንዴም ከሦስቱ ፊውዞች አንዱ ሳይወርድ ይቀራል። እሱን ቀና ብሎ በዓይን ማየት ነው።

መፍትሄ፦ ጀነሬተር ያለው ቤት ቼንጅ ኦቨር ያስገባ፤ ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከጀነሬተሩ ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ያን ባለ ሁለት ወንድ ገመድ ዛሬውኑ ቆርጣችሁ ጣሉት። ሠራተኛው ደግሞ ማጥፊያውን ይቆልፍ፣ "ሰው እየሠራ ነው" የሚል ምልክት ይስቀል፣ ቁልፉን ኪሱ ይክተት። "10 ሰዓት ላይ አብራው" ብሎ በስልክ መቀጣጠር የለም። በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ማን ያውቃል? ሥራውም ሊያመሽ ይችላል።

ቴስተሩን ኮረንቲ እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ሞክሩ። መስመሩን ለኩ። ከዚያ ቴስተሩን መልሳችሁ እዚያው ቦታ ሞክሩት፤ በመሃል ሞቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አርዝ ነው፤ ሽቦዎቹን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ገመድ። መጀመሪያ የመሬቱ ጫፍ ይታሰራል፣ ከዚያ ኮረንቲ በማያስተላልፍ ዱላ ሌላው ጫፍ ሽቦዎቹ ላይ። ስትፈቱ በተቃራኒው፤ የመሬቱ ጫፍ መጨረሻ ላይ። ሁሉም ፌዞች (ኮረንቲ የሚሸከሙት ሽቦዎች) እርስ በርስም ከመሬትም ጋር ይገናኙ፣ ከምትሠሩበት ቦታ በግራም በቀኝም። ኮረንቲ በየትም በኩል ቢመጣ አርዙን ያገኛል።

ምልክት፦ የእንጨት ምሰሶ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል

ባህር ዛፍ የሚበሰብሰው አፈር ላይ በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እዚያ እርጥበትም አየርም አለ። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ዱቄት ይሆናል። ሥሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ በጠመንጃ መፍቻ ውጉት። ዘው ካለ አትውጡበት፤ በባልዲ መኪና (ሠራተኛውን በቅርጫት ወደ ላይ በሚያነሳ መኪና) ሥሩ፣ ወይም ምሰሶውን በደንብ ደግፋችሁ አስሩት። አንድ ነገር አደራ፦ ያረጀ ምሰሶን ቀጥ አድርጎ የያዘው ሽቦው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሳትደግፉ ሽቦውን ከቆረጣችሁ፣ ላይ ያለውን ሰው ይዞ ይወድቃል።

ምልክት፦ ሽቦ መሬት ላይ ወድቋል፣ ብልጭታም ድምፅም የለውም

አስፋልት ወይም ደረቅ አፈር ላይ የወደቀ ሽቦ ብዙ ኮረንቲ ስለማያፈስ ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። ቢወርድም መልሶ ሊበራ ይችላል። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ቅርብ ከነበራችሁ እግራችሁን ሳታነሱ፣ አጠጋግታችሁ እየጎተታችሁ ውጡ። መኪና ላይ ከወደቀ ውስጥ ያሉት አይውረዱ። እሳት ከተነሳ ብቻ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ ሁለት እግር ገጥመው ይዝለሉ። ልጆችን አባርሩና ወደ መብራት ኃይል 905 ደውሉ፣ ጥገናው እስኪደርስም አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይጠብቅ።